እምነት በር ላይ አይቀርም፦ ስለ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚባለው የተሰጠ ምላሽ

ልጁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ጎሕ ሳይቀድ የሚሰለፍ ወላጅ ለምን እንደመጣ ቢጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ሥነ ሥርዓት አለ፣ ትምህርቱ ጠንካራ ነው፤ ሃይማኖቱን እኛ ቤት እናስተምራለን።» ይህ አነጋገር ዛሬ ከወላጆች ወግ አልፎ የትምህርት ባለሙያዎችና የሕግ ሰዎች፣ አንዳንዴም ርእሳነ መምህራኑ ራሳቸው የሚሟገቱለት አቋም ሆኗል። አቋሙ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአገር የሚበጀው ስለ እምነት ዝም እስካለ ድረስ ነው። ሒሳቡንና ፊዚክሱን ያስተምር፣ ጥቂት ግብረ ገብ ያክልበት፤ እምነቱን ግን ተማሪው በር ላይ ትቶ ይግባ።

ያደግሁት በተዋሕዶ እምነት ነው፤ የማስተምረው ደግሞ በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ታሪክ ነው። ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠበቃ ልሆን አልተነሣሁም። የዝምታውን አቋም የምቃወመው ልጆቹን ስለሚጎዳ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ እጠብቃቸዋለሁ የሚላቸውን፣ ካቶሊክ ያልሆኑትን ተማሪዎች ነው።

የዝምታው ወገን ብርቱ ማስረጃ ታሪክ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ የበዓላት አቆጣጠሩና ሥርዓተ ቅዳሴው እንዲለወጥ አስደረገ። አገር ታመሰ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የአባቶች እምነት እንዲመለስ አስነግረው ሥልጣኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ከአገር ተባረሩ። ይህ ትዝታ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም። አንዲት እናት «ልጄን ካቶሊክ ያደርጉብኛል» ብላ ስትሰጋ ስጋቷ ሥር ያለው ነው፤ የሚናቅም የሚሣቅበትም አይደለም።

ነገር ግን ያው ታሪክ ሌላ ሰውም አለው። ፔድሮ ፓኤዝ ከሜንዴዝ 22 ዓመት ቀድሞ በ1603 አድዋ አጠገብ ወዳለችው ፍሬሞና ደረሰ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ልጆችን ሰብስቦ አስተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በጉባኤ ተከራከረ። ስለ እምነት ዝም አላለም፤ እንዲያውም የሚያወራው ከዚያ ብዙም አይወጣም ነበር። ዓላማው ማስለወጥ እንደነበር አልሸፍንም፤ ለዛሬ ትምህርት ቤትም በዚህ አርአያ አይሆንም። ሆኖም አገሩ በፓኤዝ ዘመን ያልነደደውን ያህል በሜንዴዝ ዘመን የነደደበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው የሚያገኘው ስለ እምነት መነገሩን ሳይሆን አዋጁንና ግዳጁን ነው። ሱስንዮስን እየጠቀሰ «ስለዚህ ስለ ሃይማኖት አይነሣ» የሚል ሰው ከታሪኩ የተሳሳተ ትምህርት ወስዷል እላለሁ። ትምህርቱ «አታስገድድ» ነው።

ሁለተኛው የሚጠቀሰው ታሪክ ቅርብ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ ሚሲዮኖች የት መስበክ እንደሚችሉ፣ የት ደግሞ በሕክምናና ወገን በማይለይ ትምህርት ብቻ እንደሚወሰኑ ለየ። በ1945 እ.ኤ.አ. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ ያስመጧቸው ኢየሱሳውያን፣ በተለምዶ ጀስዊት የምንላቸው፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ። ከመካከላቸው ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። የምንኩስና ልብሳቸውን አውልቀው በኮትና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት፤ መስበክም አልተፈቀደላቸውም። «እነሆ፣ ዝም ብለው ዩኒቨርሲቲ ገነቡ» ይባላል።

እውነት ነው፣ ገንብተዋል። ግን ያ ዝምታ የቆመው በምን ላይ ነበር? የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በነበረችበት፣ ግብረ ገብ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት፣ ብዙው ተማሪ ዳዊት ደግሞ ወይም ቁርአን ቀርቶ በሚመጣበት አገር ላይ ነው። መምህሩ ዝም ቢል አገሩ በሙሉ ይናገር ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ዝም ሲል የሚናገረው ማን እንደሆነ ለማወቅ በዕረፍት ሰዓት አሥራ አንደኛ ክፍል ደጃፍ ላይ መቆም ይበቃል። አራት ልጆች በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ በቲክቶክ አንዱ ሰባኪ ሌላውን እየዘለፈ ነው፤ አንዱ ልጅ ይሥቃል፣ የሌላው ፊት ጠቁሯል። ደወሉ ሲደወል ስልኩ ይደበቃል። ፊቱ የጠቆረው ልጅ ግን እንደጠቆረ ወደ ክፍል ይገባል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ ቆሰለበት ጉዳይ በእርጋታና በዕውቀት የሚያነጋግረው አንድ አዋቂ ከሌለ ትምህርት ቤቱ ልጁን ለዚያ ስልክ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ወደ ሕጉ ስመጣ አጠር አደርገዋለሁ፤ ክርክሩ ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነውና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ስብከት ማስገባት አይቻልም ማለት ነው፤ መቻልም የለበትም። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ሃይማኖቱን እኛ ቤት እናስተምራለን» የምትለው እናት የምትጠቅሰው ይህንኑ መብቷን ነው። ጥያቄው፣ ልጇ በቀን ስምንት ሰዓት የምትውልበት ቦታ ያንን መብት ያግዛል ወይስ ሳያውቀው ይሸረሽራል የሚለው ነው።

የመሸርሸሩን ነገር በአንድ ባየሁት ላሳይ። ወቅቱ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የስፖርት ክፍለ ጊዜዋ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሁለተኛውን ዙር ሮጣ እንደጨረሰች የጎሉን ብረት ይዛ ቁጭ አለች። መምህሩ «ጾም ሰበብ አይሆንም፣ ተነሺ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እምነት አለመጠየቅን እንደ ጨዋነት ተምሮ ያደገ ሰው ነው። ልጅቷ ተነሣች፣ ሮጠች፣ በማግስቱ ጾሟን ተወች። ማንም ሃይማኖቷን እንድትለውጥ አልሰበካትም፤ ትምህርት ቤቱ በፖሊሲው ፍጹም ገለልተኛ ነበር። ከእምነቷ አንድ ነገር ግን ተወሰደባት፤ የወሰደውም የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው።

መፍትሔው ስብከትም ገንዘብም አልጠየቀም። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒት ሊደሩ ለነዚያ 55 ቀናት የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አደረገው። ሻይ ክበቡም ከሥጋ ሳንቡሳና ከእንቁላል ሳንዱች ሌላ ሽሮና የጾም ፍርፍር ማዘጋጀት ጀመረ። በረመዳን ደግሞ አንዲት ሲስተር የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫዋን ክፍል ለሶላት እንዲሆን አስጠርገው ቁልፉን ለሙስሊም ተማሪዎች ተወካይ ሰጡ። ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመና «ሲስተር፣ ለሌላም ቀን ይሆናል?» አላቸው። «ለዙህር ሶላት ምንጊዜም ይሆናል፤ ኳሶቹን ብቻ እንዳትነካኩብኝ» አሉት። የተማሪን እምነት መደገፍ ስል የማወራው ከዚህ ስለሚጀምር ነገር ነው።

«ታዲያ ይህ ካቶሊካዊነቱ ምኑ ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ከወዲያኛው ወገን፣ ከአጥባቂ ካቶሊኮች፣ ይመጣል። መልሱ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ውስጥ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው ከሕሊናው ውጭ እንዲያምን መገደድ እንደሌለበት አስተምሯል። የቀኖና ሕጉም በቁጥር 748 ይህንኑ አጽንቷል። በ1988 ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊ ገጽታ የወጣው የቫቲካን ሰነድ ከዚህ ጠልቆ ሄዶ፣ ለአማኙ የሚሰጠውን ትምህርተ ክርስቶስ እምነትን እንደ ዕውቀት ከሚያስተምረው የሃይማኖት ትምህርት ይለየዋል። የመጀመሪያው እምነቱን ተቀብሎ ለመጣ ነው፤ ቦታውም በዋናነት ቤተሰብና ቁምስና ነው። ሁለተኛው ማንኛውም ተማሪ ሊከታተለው የሚችል፣ ማንም እንዲያምን የማይጠበቅበት ነው። ይህ ልዩነት ለአገራችን ትልቅ ዋጋ አለው። የዝምታው ወገን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ሁለቱንም ይከለክላል፤ የአጥባቂው ወገንም አንድ አድርጎ ስለሚያይ ሁለቱንም በሁሉም ላይ ሊጭን ይዳዳዋል።

ይህን ስል መጫን የለም ማለቴ አይደለም። ካቶሊክ ያልሆኑ ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ቅዳሴ እንዲገቡ ተደርጎ በር ላይ ስም የሚጠራበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ የቀረ ልጅ ከሥነ ሥርዓት ነጥቡ ይቀነስበት ነበር። ይህ ስህተት ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ሕግም በአገሪቱ ሕግም ስህተት ነው። ድጋፍና ጫና የሚለዩበትን መስመር እኔ የምፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ልጁ «አልፈልግም» ቢል ምን ያጣል? ነጥብ የሚያጣ ከሆነ፣ ነፃ የትምህርት ዕድሉ የሚያሠጋው ከሆነ፣ የመምህሩን ፈገግታ እንኳ የሚያጣ ከሆነ ጫና ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ረቂቅና ለመቆጣጠር ከሁሉ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በክፍያ ረገድ የሚታገዙ ድኻ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። በዚህ ላይ የዝምታው ወገን የሚያነሣውን ስጋት ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። የማልጋራው መድኃኒቱን ነው፤ ጫናን ለማስቀረት ድጋፉንም መንቀል አያስፈልግም።

ዝምታው የሚረሳው ሌላም ልጅ አለ፤ ካቶሊኩ ራሱ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ልጆች ባሉበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍል ካቶሊኩ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አናሳ ነው። ጓደኞቹ «እናንተ እኮ ፈረንጅ ናችሁ» ሲሉት የሚመልሰው ያጣል። ቅዳሴው በግዕዝ የሚቀደስ፣ ከበሮና ጸናጽሉ የማይለይ መሆኑን አብዛኞቹ አያውቁም፤ አንዳንዴ እሱም በቅጡ አያውቅም። ከጠቅላላው ትምህርት ውጭ ባለ ሰዓት፣ በፈቃዱ፣ የራሱን እምነት በሥርዓት ቢማር ማን ይጎዳል? የጓደኞቹን እምነት ለማክበርም የሚችለው የራሱን ሲያውቅ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መከራከሪያ፣ ወደ ትምህርቱ ልምጣ። የሚባለው ሁለት ነው፤ እምነት ሂሳዊ አስተሳሰብን ይዘጋል፣ ለፈተና የሚያስፈልገውንም ጊዜ ይሻማል። ሁለተኛውን አቃልዬ አላየውም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ «ሌላው ሁሉ ይቆይ» ቢል እንዴት ይፈረድበታል? ይሁን እንጂ ሰላም ያጣ፣ እንደ ባዕድ የሚቆጠር፣ ጾሙንና ትምህርቱን አስታርቆ መያዝ ያቃተው ልጅ በፊዚክስም አይበረታም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሂጃብ ላይ የተነሣው ውዝግብ ፍርድ ቤት ድረስ ሲደርስ ሁላችንም አይተናል። ትምህርት ቤቶቹ የመንግሥት ናቸው፤ ጉዳዩ ግን የጋራችን ነው። እምነትን በር ላይ አስቀምጪ የተባለች ልጅ እምነቷን አላስቀመጠችም፤ በር ላይ የቀረችው ራሷ ናት።

«ሂሳዊ አስተሳሰብን ይዘጋል» የሚለው ግን እዚህ አገር ሲነገር ይገርመኛል። የአንድምታ ትርጓሜ ያደገበት አገር ነው። መምህሩ አንዱን ቃል ተርጕሞ አይቆምም፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል፤ ተማሪው የሚቃረኑ የሚመስሉ ትርጕሞችን ጎን ለጎን ይዞ መመዘን ይለምዳል። በቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሲፈታ ሰሙን ለቅሞ ወርቁን ካላወጣ አልተማረም። የወሎ ደረሳም ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው እየዞረ ክርክር ሲያዳምጥ ነው ዓሊም የሚሆነው። እምነትና ጥያቄ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል።

ካቶሊክ ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ የራሱ ሀብት አለው፤ ሳይጠቀምበት ግን ይኖራል። ተማሪዎቻችን የሜንዴልን የውርስ ሕግጋት በቃላቸው ይወጣሉ፤ ሜንዴል የኦገስቲኖስ ማኅበር መነኩሴ እንደነበረና አተሩን የዘራው በገዳሙ አትክልት ቦታ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን በ1927 እ.ኤ.አ. በስሌት ያሳየው ዦርዥ ለሜትር ቤልጅጋዊ ካቶሊክ ቄስ ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ዝግመተ ለውጥ ላይ ሲደርስ ግማሹ ክፍል እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ «ይህን ለፈተና ብቻ ነው የምንይዘው» የሚል ስምምነት በዓይን ይተላለፋል። መምህሩም አውቆ ያልፈዋል። ሳይንሱም እምነቱም በዚያች ደቂቃ ይጎዳሉ፤ ልጁ ሳይንስን ማስመሰል፣ እምነትንም መደበቅ ይማራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1996 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት ዝግመተ ለውጥ ከመላ ምት የበለጠ መሆኑን እንደተቀበሉ መንገር ስብከት አይደለም። ማንንም «ስለዚህ ተቀበል» አያሰኝም። ያመነ ሰው ጥያቄውን ፊት ለፊት ሊያይ እንደሚችል ግን ያሳያል፤ ልጁም ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ኡስታዙ ሄዶ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ይደፍራል። ከትምህርት ቤቱ የምጠብቀው እስከዚያ ድረስ ነው፤ መልሱን የመስጠት መብት የእነርሱ ነው።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን የሱስንዮስን ዘመን ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ አሁን እነዚያው ሰዎች ጋር ነው የምንማረው?» አለኝ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ብራዘር አበባ ውኃ ያጠጡ ነበር፤ ሦስት አራት ልጆች ወደ እሳቸው ዞረው አዩ። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ይህ ለፈተና አይመጣም» ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። ልጁ እጁን አወረደ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእኔ ክፍለ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

በዓመቱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ስደርስ የሜንዴዝን ትእዛዛት በሰሌዳው አንድ ወገን፣ የ1965ቱን የሃይማኖት ነፃነት መግለጫ ፍሬ ነገር በሌላው ወገን ጻፍኩ። ብራዘሩንም አስፈቅጄ ክፍል አስገባኋቸው። ያንኑ ጥያቄ እኔው ጠየቅኋቸው። ልጆቹ ፊት ቆመው፣ ያኔ የተደረገው በደል እንደነበረ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ያንን ታሪክ ሲያነቡ እንደሚያፍሩበት ነገሯቸው። ከዚያ የተነሣው ክርክር ደወሉ ተደውሎም አላቆመም። አንዷ «ታዲያ ለምን ይቅርታ አይጠየቅም?» አለች፤ ሌላው «እኛስ ካቶሊክ በሆኑት ላይ ያደረግነው የለም?» ብሎ ካቶሊክ የሆኑትን የኢትዮጵያዊውን መነኩሴ የአባ ገብረ ሚካኤልን እስራትና ሞት አነሣ። እኔ ያላስተማርኳቸውን ነው ያነሣው፤ ከአያቱ እንደሰማው ነገረን።

ከዚያ ወዲህ ለዚያ ምዕራፍ ሁለት ክፍለ ጊዜ እመድባለሁ። ሁለተኛው ላይ መጽሐፍ ይዤ አልገባም።